ሠርተው የሚያፈርሱ፦ ስለ እንስሳት ጥበብና አእምሮ

(ካዛንቺስ ለአካባቢው ነዋሪዎች ከቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር። ለኅትመት ሲዘጋጅ በመጠኑ አጥሯል።)

 

እ.ኤ.አ. በ2005 ሰኔ ላይ ለንደን ውስጥ ቦንሃምስ በሚባል የሐራጅ ቤት ሦስት ሥዕሎች ለጨረታ ቀረቡ። በዚያው ጨረታ የአንዲ ዋርሆል ሥዕልና የሬኗር ቅርጽ ገዢ አጥተው ሲመለሱ እነዚህ ሦስቱ 14,400 ፓውንድ አወጡ። ሠዓሊው ኮንጎ ይባላል። ቺምፓንዚ ነበር።

እንዲህ ያለ ወሬ የሰማ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ገንዘቡን የሚያደርግበት ያጣ ፈረንጅ!» ብሎ ይስቃል። ሌላው «አያችሁ፣ እንስሳ ከሰው በምን ያንሳል?» ብሎ ይደነቃል። ሁለቱም የሚያዩት ሸራውን ነው። እኔ ዛሬ የምለምናችሁ ሸራውን ትታችሁ ሠዓሊውን እንድታዩልኝ ነው። ብሩሹን ሲይዝ ምን ያደርጋል? ሲከለከልስ? ሲበቃውስ?

ኮንጎን ያጠናው ዴዝሞንድ ሞሪስ የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ተመራማሪ ነው፤ ራሱም ሥዕል ይሥል ነበር። ኮንጎ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ዕድሜው ድረስ 400 ያህል ሥዕል ሠራ። በ1957 ለንደን ላይ ዐውደ ርእይ ተከፈተለት። (ዓመቱን ዛሬ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ የእኛን ስጠራ ለይቼ እነግራችኋለሁ።) ፒካሶ ሳይቀር ከሥዕሎቹ አንዱን ወስዷል። ይህ ሁሉ ለወሬ ይመቻል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ሥዕሉን ሳይጨርስ ወረቀቱን ሊወስዱበት ሲሉ ኮንጎ ይጮኻል፣ ይቆጣል። በቃኝ ብሎ ብሩሹን ካስቀመጠ ደግሞ ቢለምኑትም አይነካውም። ሞሪስ ወረቀቱ ላይ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ቅርጽ አስቀድሞ ሲያኖርበት፣ ኮንጎ መስመሮቹን ባዶ ወደቀረው ጎን ያመጣ ነበር። ሚዛኑን መጠበቁ ነው።

ሞሪስ ያቆየልን ሌላም ታሪክ አለ። አንድ ሌላ ሠዓሊ ጦጣ በሣለ ቁጥር የሚበላ ነገር ይሰጡት ጀመር። ነገሩ ቶሎ ገባው። ብዙም ሳይቆይ ወረቀቱ ላይ እንደነገሩ ጫር ጫር አድርጎ እጁን ለምግቡ ይዘረጋል። ሚዛን የለ፣ ቁጣ የለ፣ መጨረስ የለ። ደመወዝ መጣና ሥዕል ሄደ። መሥሪያ ቤት የምትውሉ ሰዎች ይህን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

ታይላንድ ውስጥ ለቱሪስት የሚሥሉትን ዝሆኖች በስልካችሁ ያያችሁ ትኖራላችሁ። ዝሆኑ በኩምቢው ብሩሽ ይይዝና አበባ ይሥላል፤ ከአበባም አልፎ የዝሆን ሥዕል ይሥላል። እንባ የሚያቀር ነገር ነው። ያው ሞሪስ ሄዶ ከጎን ቆሞ ሲያይ፣ ጠባቂው የዝሆኑን ጆሮ ይዟል። ጆሮው ወደ ላይና ወደ ታች ሲሳብ ብሩሹ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል፤ ወደ ጎን ሲሳብ ወደ ጎን። ዝሆኑ ያንኑ አበባ በየቀኑ ይሥላል። ዝሆን ብልህ እንስሳ መሆኑን የሚክድ የለም። ብልኀቱ ግን አበባው ውስጥ አይደለም፤ አበባው የጠባቂው ነው።

እንግዲህ የተሠራው ነገር ማማሩ ስለ ሠሪው አእምሮ ብዙም አይነግረንም። ሸረሪት ማንም ሳያስተምራት ሰው በማስመሪያ የማያወጣውን ድር ታደራለች። እኔ እንስሳ ሲሠራ ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ሲበላሽበት ምን ያደርጋል? ማን እንዲያይለትስ ነው የሚሠራው?

ለሰውም ቢሆን የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። ከዚህ በእግር የሚደረስ ነው፤ አፍሪካ አዳራሽ ገብታችሁ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ያያችሁ ታውቁታላችሁ። 150 ካሬ ሜትር ነው፤ የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የሚመጣ ዘመን በሦስት መስኮት ከፍሎ ያሳያል። አዳራሹ በ1961 ሲመረቅ የአህጉሩ መሪዎች ከፊቱ እንደሚሰበሰቡ አፈወርቅ ያውቅ ነበር። ማን እንደሚያየው አስቦ ነው ቀለሙን የመረጠው። ወፍ እንዲህ ታስባለች አልልም። ወፍም ግን ተመልካች አላት፤ የወፏ ተመልካች ደግሞ ከመሪዎቹ ይልቅ የከፋች ሐያሲ ናት።

ደረቷ ቢጫ፣ ዓይኗ ዙሪያ ጥቁር የሆነችውን፣ በየግቢያችሁ የምትንጫጫውን ሸማኔ ወፍ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ጊዮን ሆቴል አትክልት ቦታ ሻይ ይዞ የተቀመጠ ሰው ሳያያት አይነሣም። ጎጆዋን ከሣር ሸምና ከቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ታንጠለጥላለች። ይህች ወፍ የዓለም ሳይንስ መዝገብ ውስጥ የገባችው ከአገራችን ነው። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የመጣው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ወሬዋን ይዞ ተመለሰ፤ ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቡፎን ከእሱ ሰምቶ ጻፈላት፤ በ1802 ደግሞ ዶደን የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ የላቲን ስም ሰጣት። ቡፎን ስለ ጎጆዋ የጻፈው ደስ ይላል። ከረጋ ውኃ በላይ ይንጠለጠላል፤ አፉ ምንጊዜም ወደ ምሥራቅ ነው፤ ዝናቡ ከዚያ በኩል አይመጣምና። ይህችን ወፍ ሳያያት ከብሩስ አፍ ሰምቶ ነው የጻፈው፤ «ምንጊዜም» የምትለዋን ቃል እኔ በጥርጣሬ ነው የማያት። ግቢያችሁ ውስጥ ጎጆ ካለ አፉ ወዴት እንደሆነ አይታችሁ ንገሩኝ።

የዚህችን ወፍ የቅርብ ዘመድ፣ በሐይቅ ዳር ዛፎች ላይ በመንጋ የምትኖረውን፣ ኒኮላስና ኤልሲ ኮሊያስ የሚባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያጠኗት ኖረዋል። አሠራሯን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ሸማኔው ወንዱ ነው። ረጅም እርጥብ ሣር ወይም የዘንባባ ቅጠል ላይ ያርፍና ጠርዙን ከግርጌው በኩል በመንቁሩ ነከስ ያደርጋል። ከዚያ ይዞት ሲበርር ቅጠሉ እንደ ጥብጣብ ተተልትሎ ይወጣል። በሆሳዕና ዘንባባ ተልትሎ ለጣቱ ቀለበት የሠራ ሰው ሥራው ወዲያው ይገባዋል። ወፉም የሚጀምረው ከቀለበት ነው። ጥብጣቡን ከቅርንጫፉ ጋር በእግሩ ረግጦ ይይዛል፤ ጫፉን በመንቁሩ ያዞራል፣ ከሥር ያሾልካል፣ ይስባል። ሲሾልክበት እንደገና ይጀምራል። እንዲህ እያለ ሰውነቱን የሚያስገባ ክብ ቀለበት ይሠራና መሐሉ ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ከቀለበቱ አይወርድም። ወደ ፊቱ መንቁሩ እስከደረሰበት ድረስ ሲሸምን የእንቁላሉ ክፍል ይሆናል፤ ወደ ኋላው ሲንጋለል መግቢያው ይሆናል። ሜትር የለውም፤ መለኪያው የራሱ አንገት ነው። የጎጆዎቹ መጠን የሚቀራረበው ለዚህ ነው።

ሲጨርስ በመግቢያው ሥር ቁልቁል ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ሴቶቹን ይጣራል። ሴቷ ትመጣለች። ትገባለች። ከውስጥ ሆና ሣሩን በመንቁሯ ትጎትታለች፣ ትነቀንቃለች። ካልጣማት ትታው ትሄዳለች። ሣሩ ትኩስና አረንጓዴ ሳለ ካልተወደደ፣ ከደረቀና ቡናማ ከሆነ በኋላ የሚገባበት የለም። ይኼኔ ወንዱ የደከመበትን ጎጆ በራሱ መንቁር ይተረትረዋል። ከዚያ እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ይጀምራል።

በደመ ነፍስ ነው የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አልከራከራችሁም፤ በከፊል ነው። ግን እነ ኮሊያስ አንድ ነገር ሞክረዋል። ጥቂት ወንድ ጫጩቶችን እርጥብ ሣርና ቅጠል ሳያሳዩ አሳደጓቸው። አድገው ሣሩ ሲሰጣቸው ሣር እየነካኩ ካደጉት እኩዮቻቸው እጅግ አንሰው ተገኙ፤ ሲለማመዱ ግን እየተሻሻሉ ሄዱ። በዱርም ያሉት ወጣት ወንዶች እንዲሁ ናቸው፤ ማንም ሴት የማትገባበት፣ የተዝረከረከ የልምምድ ጎጆ ሲሠሩ ይከርማሉ። ቦትስዋና ውስጥ ሌላ የዚህች ወፍ ዘመድ የተከታተሉ ሰዎች ደግሞ በ2011 ያሳተሙት ነገር አለ። ወፉ ጎጆ በሠራ ቁጥር ከመንቁሩ የሚወድቀው ሣር እያነሰ ይሄዳል። አንዱ ከቀኝ ወደ ግራ ይሸምናል፤ ሌላው ከግራ ወደ ቀኝ፤ ያው አንዱ ወፍ እንኳ ከጎጆ ጎጆ አሠራሩን ይለዋውጣል። ደመ ነፍስ ብቻ ቢሆን ሁሉም አንድ ዓይነት፣ መጀመሪያ የሠራውም እንደ መጨረሻው በሆነ ነበር።

እግረ መንገዴን ስለ ግሪሳ አንድ ነገር ልበል። አገር ቤት ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ማሽላ የጠበቀ ሰው በመካከላችን እንደሚኖር እገምታለሁ። ግሪሳ በዓለም ላይ ካሉ የዱር ወፎች ሁሉ ቁጥሩ የበዛው ነው፤ መንግሥት በአውሮፕላን መድኃኒት የሚያስረጭበት ጠላት ነው። ቤተሰቡ ግን የዚህችው የሸማኔዋ ነው። ወንዱ ግሪሳ ግራር ላይ ጎጆውን ሸምኖ የሚጨርሰው በሁለት በሦስት ቀን ነው። ማሽላው ለተበላበት ገበሬ ስለ ግሪሳ ጥበብ አውሩለት አልላችሁም።

ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባላል። አባቶች ይህን ሲሉ የታዘቡት ነገር እውነት ነበር፤ በየመንደሩ ዜማዋን የምትለውጥ ወፍ እንዳለች ሳይንስ ያረጋገጠው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስለ ዜማ ያወቅነውን በ2024 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ወደ ግንባታ አመጣው። በእኛም ስምጥ ሸለቆ የምትገኝ አንዲት ቅንድበ ነጭ የሸማኔ ዘመድ አለች፤ በቤተሰብ ሆና በኅብረት ትሠራለች። ተመራማሪዎቹ ካላሃሪ በረሃ ውስጥ ከ40 የሚበልጡ ቤተሰቦች የሠሯቸውን ከ400 በላይ ጎጆዎች ለኩ። አንዱ ቤተሰብ መግቢያውን አርዝሞ ይሠራል፤ አጠገቡ ያለው ጎረቤት አሳጥሮ። የአየሩ ሁኔታ ልዩነቱን አላብራራውም፤ የዛፉ ቁመትም፣ የወፎቹ መጠንም፣ ዝምድናቸውም አላብራራውም። ከሌላ ቤተሰብ የመጣ ወፍ ሲቀላቀልም የገባበትን ቤት አሠራር ይዞ ይገኛል። ሙሽራ የአማቷን ወጥ አሠራር እንደምትለምደው ነው ብዬ ልቀልድ አስቤ ነበር፤ እናቶች ፊት ስላሉ ትቼዋለሁ።

አሁን ቀና በሉ። ከመስቀል አደባባይ ሆኖ ሰማዩን ያየ ሰው ጭልፊት ሳያይ አይቀርም። አንዳንዱ ጭላት ይለዋል። ከሉካንዳ ደጃፍ ሥጋ የሚመነትፈው፣ ከልጅ እጅ ዳቦ የሚነጥቀው ያ ቡናማ፣ ጅራቱ ሹካ የሚመስለው ማለቴ ነው። ጎጆውን በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባሉ ረጃጅም ዛፎችና በባሕር ዛፍ ላይ ይሠራል። የጎጆውን ነገር ከሥር ሆኖ ላየው የሚያስጠላ ነው፤ ጭራሮ፣ ጨርቅ፣ ፌስታል። «ቆሻሻ ለቃሚ» ብለን እናልፈዋለን። ከዝሆኑ አበባ አጠገብ ቢቀርብ ማንም ጥበብ ብሎ አይቆጥረውም።

ፋብሪዚዮ ሰርጂዮና ጓደኞቹ ደቡብ ስፔን ዶኛና ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የዚህኑ ጭልፊት የቅርብ ዘመድ ለዓመታት ተከታትለው በ2011 ያሳተሙት ጥናት ግን አመለካከቴን ቀይሮታል። ወፎቹ ጎጆ ላይ ፌስታል የሚያነጥፉት እንቁላል ከመጣሉ በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት ገደማ ነው። ነጭ፣ አረንጓዴና ብርሃን የሚያሳልፍ ፌስታል ሲቀርብላቸው የመረጡት ነጩን ነው፤ ከሩቅ የሚታየውን። ደግሞም ሁሉም አያደርገውም። ብዙ የሚያነጥፉት ከ7 እስከ 12 ዓመት ያሉት፣ ጉልበታቸው የሞላ፣ ጥሩ ግዛት የያዙት ናቸው። ገና ለጋዎቹና ያረጁት ጥቂት ያደርጋሉ ወይም ጨርሶ አያደርጉም። ነጭ ፌስታል የሞላበትን ጎጆ ሌሎች ጭልፊቶች ብዙም አይደፍሩትም። «እዚህ ያለው ባለ ጉልበት ነው፣ እለፍ» የሚል ሰሌዳ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ተመራማሪዎቹ በወፎቹ ጎጆ ላይ በራሳቸው እጅ ተጨማሪ ነጭ ፌስታል አኖሩ። ወፎቹ አንሥተው ጣሉት። ከአቅሙ በላይ የፎከረ ተፈታታኝ ይበዛበታልና። ጭልፊቱ ተቀምጦ «ዕድሜዬ ስንት ነው? ጉልበቴስ?» እያለ ያሰላል ማለት አይደለም። ባለፉት ሳምንታት ስንት ጠብ እንዳሸነፈ፣ ስንት እንደተሸነፈ ሰውነቱ ሳያውቀው አይቀርም፤ ያንን ከጎጆው መልክ ጋር ያገናኘው ይሆናል። ጎጆውን ያያል፣ በዛ ይላል፣ ይቀንሳል። መቀነስን እኔ ከመጨመር በላይ የአእምሮ ምልክት አድርጌ እቆጥረዋለሁ። በነገራችን ላይ ፌስታል የሚከለክለው አዋጅ በደንብ ሥራ ላይ ሲውል የአዲስ አበባ ጭልፊቶች ወደ ምን እንደሚዞሩ ለማየት ቸኩያለሁ።

እስካሁን ጥበቡ የሚያገለግለው ቤትን ነበር፤ እንቁላል ይጣልበታል፣ ግዛት ይጠበቅበታል። አውስትራሊያና ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ግን ለመታየት ብቻ የሚሠራ ወፍ አለ። እንቁላል አይጣልበትም፣ አይታደርበትም። ፈረንጆቹ ባወርበርድ ይሉታል፤ እኔ ዳስ ጣይ እለዋለሁ፣ የሚሠራው በእርግጥም የሰርግ ዳስ ነውና። ጭራሮ በሁለት ረድፍ ይተክልና መሐሉን መተላለፊያ ያደርጋል፤ ደጁ ላይ ጌጥ ይደረድራል። ከዘሩ አንዱ ሰማያዊ ነገር ይወዳል፦ ላባ፣ አበባ፣ የጠርሙስ ክዳን። ከጎረቤቱ ዳስ ሰማያዊ ይሰርቃል፤ ጎረቤቱም ከእሱ። ወጣቱ ወንድ አዋቂ መልክ እስኪይዝ ሰባት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ እስከዚያ የልምምድ ዳስ እየጣለ፣ የትልልቆቹን እያየ ይቆያል።

ሌላው ትልቁ ዳስ ጣይ ደግሞ ጠጠርና አጥንት ይሰበስባል። ትንንሹን ከመተላለፊያው አፍ አጠገብ፣ ትልልቁን ራቅ አድርጎ ያሰልፋል። መተላለፊያው ውስጥ ቆማ ለምታይ ሴት ደጁ ሁሉ እኩል ጠጠር የተነጠፈበት ይመስላታል፤ የዓይን ማታለል ነው። ጆን ኤንድለር የተባለ ተመራማሪ ድርድሩን ገልብጦ ትልልቁን ወደ ፊት አመጣው። ወፎቹ በቀናት ውስጥ መመለስ ጀመሩ፤ በሁለት ሳምንት እንደነበረ አድርገውታል። በ2012 በወጣው ጥናት ደግሞ ማታለሉ የሰመረለት ወንድ ብዙ ሚስት ያገኛል ተባለ። የመጀመሪያው ጥያቄዬ ከዚህ በላይ አይመለስም፦ ሰው አበላሸበት፣ ወፉ አቃናው።

ጥበቡ ከብልኀት ጋር መገናኘቱን በቀጥታ የፈተኑም አሉ። የሰማያዊ ወዳጁ ወፍ ቀይ ነገር ይጠላል፤ ዳሱ ላይ ካየ ወዲያው አንሥቶ ይጥለዋል። ጄሰን ኪጊና ጄራልድ ቦርጂያ ይህን ጥላቻ ተጠቀሙበት። ቀይ ዕቃ ዳሱ ላይ አስቀምጠው በብርጭቆ መሳይ ክዳን ከደኑት። ክዳኑን ፈጥኖ ያነሣው ወንድ በዚያ ዓመት ብዙ ሴቶችን ያገኘ ወንድ ሆነ፤ በ2009 አሳተሙት። ሁለት ዓመት ቆይተው ፈተናውን ስድስት ሲያደርጉት ግን አንዱን ያለፈ ሌላውን የሚያልፍ ሆኖ አልተገኘም። አንዱ ችግር ይፈታል፣ አንዱ የሌላ ወፍ ድምፅ ያስመስላል፤ ሴቷ የሁሉን ድምር ነው የምትመዝነው። ስለዚህ «ይህ እንስሳ ከዚያ በስንት ይበልጣል?» ብሎ ሁሉንም በአንድ መሰላል ላይ ማቆም አይሠራም። ትምህርት ቤት አንደኛ የሚወጣው ልጅ ብስክሌት መጠገን እንደማይችል ያየ ሰው ይህ አይደንቀውም።

ውበት ብቻውን እንደሚያሳስት አንድ ምሳሌ ልጨምር። ጃፓን አማሚ ኦሺማ ደሴት አጠገብ ባሕር ወለል ላይ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው፣ ከመሐሉ እንደ ፀሐይ ጨረር መስመር የሚያወጣ የአሸዋ ክብ በ1995 ጠላቂዎች አዩ። ማን እንደሚሠራው ለብዙ ዓመታት አልታወቀም። በኋላ ሲገኝ፣ ራሱን እንደ ኳስ የሚነፋ፣ ከጣት ብዙ የማይረዝም ዓሣ ነው። በሆዱና በክንፉ አሸዋውን እያረሰ ሳምንት ከዚያም በላይ ይደክማል፤ ጉብታዎቹን በዛጎል ስባሪ ያስጌጣል። ከውበት አንጻር ዛሬ ከጠራሁት ሁሉ እሱ ይበልጣል። ነገር ግን ክቡ የሚሠራው ሥራ አለ፤ ውኃውን እየመራ ልሙን አሸዋ መሐል ላይ ያከማቻል፣ እንቁላሉ የሚጣለውም እዚያ ነው። ከዓሣው ድካም ፊት ባርኔጣዬን አነሣለሁ፤ አእምሮውን ግን በውበቱ አልለካም።

ስለ ድምፅ ጥበብ ራሱን የቻለ ንግግር ያስፈልገናል። የእኛው የሰሜን ተራሮች ጭላዳ ከንፈሩን እያማታ የሚያወጣው ጉርምርምታ ከሰው ንግግር ምት ጋር የሚቀራረብ መሆኑን ቶር በርግማን በ2013 ጽፏል። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ወንድ ጭላዳ ድምፆቹን ሲያስከትል፣ ተከታታዩ በረዘመ ቁጥር እያንዳንዱን ድምፅ እንደሚያሳጥር ታየ፤ ሰውም ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲናገር የሚያደርገው ነገር ነው። ሌላ ቀን እንመለስበታለን።

«ታዲያ ጥበብ ነው ወይስ አይደለም?» ትሉኛላችሁ፤ ሸሽቼ አላመልጥም። ዝሆኑ አይደለም። ዓሣው ድንቅ አራሽ ነው። ኮንጎ ካልተከፈለው ሠዓሊ ነው። ጭልፊቱ ሰሌዳ ሰቃይ ነው፣ ያውም የማይዋሽ። ሸማኔው ባለሙያ ነው። ዳስ ጣዩን ግን ሠዓሊ ለማለት አላመነታም። ይመርጣል፣ ያቃናል፣ የሚያየውን ዓይን ከየት ቆሞ እንደሚያይ ያውቃል። ይህንን ለሰው ብቻ የሰጠነው ሰውን ብቻ ስላየን ነው።

አንድ ነገር ላስታውስና ላብቃ። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም.፣ በእኛው አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ መልኳ ከተለወጠ ወዲህ ብዙዎቹ የድሮ ግቢዎች የሉም። በቦታቸው የመጣው አዲሱ ሣር ንጹሕ ነው፣ በየጊዜው ይታጨዳል። ሸማኔዋ ግን የምትተለትለው ረጅም ሣር ነው፤ የታጨደ ሣር አይሆናትም። አሁን ያሏት የቤተ ክርስቲያን ግቢዎች፣ ዑራኤል፣ እስጢፋኖስ፣ የሆቴሎቹ አትክልት ቦታዎችና ሳይታጨድ የተረሳ የአጥር ጥግ ናቸው። አጥራችሁ ሥር እንዲህ ያለ ጥግ ካለ ክረምቱ እስኪያልፍ ማጨዱን አቆዩት። ንፋስ የጣለው ጎጆ ካገኛችሁ ደግሞ ከመጣላችሁ በፊት በጥንቃቄ ክፈቱት። በመግቢያውና በእንቁላሉ ክፍል መካከል ወፈር ያለ ክብ አለ፤ ወፉ የቆመበት ቀለበት ያ ነው። ጥብጣቡ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠሩ፤ ቀለሙ የተለየ ሣር ካያችሁ፣ በኋላ የተጠገነበት ቦታ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ ካለ አሁን እቀበላለሁ። ከኋላ እጃቸውን ካወጡት እናት እንጀምር።